አምስት እሸት፣ ዘጠኝ ፍሬ

ባለፈው ሳምንት ከሚዛን ተፈሪ ዕቃ ተላከልኝ። አሮጌ የስኳር ከረጢት ነው፤ ታጥቦ፣ አፉ በወፍራም ክር ተሰፍቶ፣ ሆዱ ላይ በእስክሪብቶ «ለመቅደስ እናት፣ ድሬዳዋ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጅማ አድሮ፣ አዲስ አበባ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ በመጨረሻ በባጃጅ ደጄ ሲደርስ እኔ ከቅዳሴ መመለሴ ነበር። ነጠላዬን እንኳ ሳላጥፍ መቀስ ፈልጌ ክሩን በጠስኩት። መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። እርጥብ አፈርና ኮረሪማ፣ ከሥር ደግሞ የጀንፈሉ ሽታ፣ ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና፣ የደረቀ ፍራፍሬም አሮጌ እንጨትም የሚመስለው። እዚህ ግድግዳው ራሱ የሚያልበው በሚመስልበት ሙቀት፣ የሚዛን ዝናብ ሳሎኔ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ኮረሪማው እንደ ዱሮው በገመድ ተሰክቶ እንደ ጨሌ ተጠቅልሏል። ጀንፈሉ ሁለት ጣሳ ይሆናል። ገና እጄን ሳላወጣ ስልኩ ጮኸ።

«የመቅደስ እናት፣ ደረሰ?»

«ደረሰልኝ የኔ እህት፣ እግዜር ያክብርልኝ። ምነው ይሄን ያህል ተቸገርሽ?»

«ችግር የለም። እዚህ ቡና ዛፍ ላይ ነው፤ ሱቅ አይደለም።» ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገርሽው?» አለችኝ።

«ገና ነኝ።»

«አሁንም ገና! የኔ ጥርስ አለቀ፣ አንቺ ገና ነሽ። ልቅሶዬ ላይ ነው የምትነግሪው?»

የጴጥሮስ እናት ናት፣ የሚዛን ጎረቤቴ። የቤንች ሰው ናት፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «እሱ» ነው የምትለው። አሁን «እሱ» ያለቻት ልጄን መቅደስን ነው። ለመቅደስ ልነግራት የሚገባኝ፣ የነፍስ አባቴም ንገሪያት ብለው ያዘዙኝ አንዲት ቃል አለች። ስንት ዓመት እንዳደረች ባልቆጥረው ይሻለኛል። የጴጥሮስ እናት ግን ትቆጥራለች። ከሚዛን ከወጣሁ ጀምሮ በየዓመቱ ቡና ትልካለች፣ በየዓመቱም ይህንኑ ትጠይቀኛለች። አንዳንዴ ቡናው ለጥያቄው ማጀቢያ ይመስለኛል።

ዘንድሮ ግን ከረጢቱ የመጣው በአጋጣሚ የማይመስል ቀን ነው። የልጅ ልጄ ሶልያና መዋዕለ ሕፃናት ትማራለች፣ እዚሁ ከዚራ ሠፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ አለፍ ብሎ። በዚያው ሰሞን መምህሯ በደብተሯ ላይ «ሶልያና ቁጥር ላይ ደካማ ናት፣ ቤት ውስጥ ይታገዝ» ብላ ጽፋ ልካለች። መቅደስ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር ከሰው ደም ውስጥ ጥቃቅን ነገር ስትለቅም የምትውል ሴት ልጇ ቁጥር አልገባትም ሲባል እንዴት እንደከነከናት ፊቷ ላይ አየሁት። ስልኳ ላይ የቁጥር ጨዋታ ጫነችላት። ልጅቷ መስታወቱን በጣቷ ጠቅ ባደረገች ቁጥር ስልኩ «ጎበዝ!» ይላል። ልክ ስትሆንም ጎበዝ፣ ስትሳሳትም «እንደገና ሞክሪ፣ ጎበዝ!»። ሶልያና እስከ መቶ ድረስ እንደ መዝሙር ታወርደዋለች፤ ዜማ አላት፣ ትንፋሽ መውሰጃ ቦታ እንኳ አላት። «በይ አምስት ማንኪያ አምጪልኝ» ስላት ግን ጭብጧን ሙሉ ይዛ መጣች። «አምስት ነው?» አልኳት። «ብዙ ነው እማማ» አለችኝ፣ እንደ ሞላችልኝ ሁሉ ደስ ብሏት። ይሄኔ ነው ሐሳቤ ወደ ሚዛን የሄደው። ቁጥሩ አፏ ላይ አለ፣ ጣቷ ላይ የለም። ከአፍ ወደ ጣት የሚወርደው በየት በኩል ነው? ያኔም ስጠይቀው የነበረው ይህንኑ ነው።

ያኔ፣ መቅደስ ልጅ ሳለች፣ ሚዛን አስፋልት የሚባል አላየችም። ቀይ ጭቃ ነበረች። ዝናቡ ከምሳ በፊት ካልጣለ ሰው ሰማይን ቀና ብሎ እያየ ምን ሆነ ይል ነበር። ልጆቹ የሚጫሙት የላስቲክ ጫማ በሦስት ብር ይገዛል፤ ጭቃው ውስጥ አንዱ ይቀርና ሌላው እግር ላይ ይተርፋል፤ በየአጥሩ ሥር የተሰነቀረ አንድ እግር ጫማ ማየት የተለመደ ነው። ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ነበር መንገድ የሚያቋርጡት። አንድ ጣሳ እሸት ቡና በስሙኒ፣ አንድ እጅ ሙዝ በዲናር። ዲናር ያልነው አሥር ሳንቲም መሆኑን የዛሬ ልጅ አያውቅም። ከመናኸሪያው ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮ ጠዋት ዜና፣ ከሰዓት ዘፈን ይለቃል፤ እኔ ዘፈን አልወድም ነበር፣ ነገር ግን ቃሉ ሁሉ ዛሬም ሳላስበው አፌ ላይ ይመጣል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከጅማ የሚመጣው አውቶብስ ሲዘገይ ከተማው በሙሉ ያወራል፤ ከቱም ወይም ከማጂ የሚመጣ መኪና ሲዘገይ ግን ማንም አያወራም፤ የዚያ መንገድ ልማዱ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው ሚዛን ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተድሬ፣ እዚያው ወለድኩ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከወር ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ያን ዓመት ቡና መጋዘን ለቀማ ሥራ አገኘሁ፤ ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠን ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እንለያለን። የመጋዘኑ ኃላፊ ግን መጀመሪያ ቀን ላይ «ልጅ ይዞ መግባት የለም» አለ። መቅደስ ስድስት ሊሞላት ነበር። ትምህርት ቤት ከገባች ሥራዬን እሠራለሁ። ካልገባች ያለኝ ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ ማጂ፣ ወደ ባለቤቴ እናት መላክ። ማጂ ደጋ ነው፣ ሩቅ ነው፣ በክረምት መንገዱ ይዘጋል። የላክኋትን ልጅ መቼ እንደማያት አላውቅም ነበር።

በዚያ ዘመን የትምህርት ቤት መግቢያው ፈተና ጆሮ ነው። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ የግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል ይባላል፤ ካልነካ ለከርሞ። መቅደስ ደግሞ ትንሽ ፍጥረት ነበረች፤ እጇ ፀጉሯ መሐል ይቀራል። ጎትቼላታለሁ፣ አንገቷን አዘንብያለሁ፣ የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ። መዝጋቢውን መምህር መንገድ ላይ አግኝቼ ለመንኳቸው። ደግ ሰው ነበሩ። «እጇ ባይደርስም ጭንቅላቷ ከደረሰ እናያለን» አሉኝ። «ለመስከረም ይዘሻት ነይ። እስከ ሃያ ድረስ ትቁጠር፤ በቃል አይደለም፣ ዕቃ እየነካች። እሱን ከቻለች እቀበላታለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ትምህርት ቤት ሆነ። መማሪያ መጽሐፍ የለኝም፣ ማስተማሪያ የለኝም፤ ያለው ቤት ውስጥ ያለው ነው። ከመኖሪያው ቤት እስከ ማድቤቱ ጭቃው እግር እንዳይውጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርድሯል፣ አሥራ አንድ ድንጋይ። በእያንዳንዱ ላይ ስትረግጥ አንድ ቁጥር እንድትል አደረግኋት። ለመደችው። ከዚያ አንድ እየዘለልሽ ሂጂ አልኳት፤ መጨረሻዋ ላይ ሚዛኗን ስታ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠች፤ ተነሥታ «አሥራ አንደኛው ጓደኛ የለውም» አለችኝ። እኔ በሕይወቴ ጎዶሎና ሙሉ የሚባለውን ቁጥር እንደዚያ አስቤው አላውቅም። ቆጮ ስቆርስ ግማሹን፣ የግማሹን ግማሽ እያልኩ አሳያት ነበር፤ የትኛው ይሻልሻል ስላት ሁልጊዜ ሩቡን አራት ጊዜ ትመርጣለች፤ ለምን ስላት «ብዙ ስለሆነ» ትላለች። ኮረሪማ በገመድ ስንሰካ በየአሥሩ ቋጠሮ እናስር ነበር። መቁጠሪያዬን ግን አላስነካትም፤ የጸሎት ነው፣ መጫወቻ አይደለም፤ እሷ ግን ኪርያላይሶን ስል ከንፈሬን እየተከተለች አርባ አንዱን ከእኔ ጋር ትጨርስ እንደነበር ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ውሃው ነው። ከሰፊ ኩባያ ወደ ቀጭን ብርጭቆ ራሷ ገለበጠችው። «አሁን የቱ ይበዛል?» አልኳት።

«ይሄ ረጅሙ።»

«አንቺው ራስሽ አይደለሽ እንዴ ከዚያ የቀዳሽው? ጨመርሽበት?»

«አልጨመርኩም። ሲገለበጥ አደገ።»

ደጋግመን ገለበጥነው። መሬቱ ራሰ፣ ልብሷ ራሰ፣ ውሃው እያደገና እያነሰ ዋለ። አንድ ቀን ደግሞ ስኒዎቹን ደርድራ ስታበቃ ባዶውን አንሥታ ወደ ውስጡ እያየች «እዚህ ውስጥ ስንት አለ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። «ምንም ስንት ነው?» አለች። ማድቤት ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ሳስበው አደርኩ። የምታውቀውን ለልጅ የምታስተምር የመሰላት እናት የማታውቀውን ነው ቁጭ ብላ የምትማረው።

የጳጉሜ ሩፋኤል ዕለት ነው ነገሩ የተበላሸው። ሰማዩ እንደ ወትሮው ተከፍቶ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ዝናብ ሲጠመቅ ዋለ፤ መቅደስንም አስጠምቄ፣ አድርቄ፣ በረንዳው ላይ ሰሌን ዘርግቼ አስቀመጥኳት። ያን ጊዜ የሚዛን ቡና ገና አረንጓዴ ነው፤ ከቆላው፣ ከቴፒ በኩል ያለው ግን ቀድሞ ይቀላል። የጴጥሮስ እናት ወንድም ከዚያ አንድ ቅርጫት ቀይ እሸት አምጥቶላት ነበርና ጭብጥ ሙሉ ሰጠችን። «ለልጁ ትምህርት» አለች። እሸት ቡና በሁለት ጣት ሲጨመቅ ፍሬው ሙልጭ ብሎ ይወጣል፤ ልጣጩ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅ ይመጠዋል። በእያንዳንዱ እሸት ውስጥ ደግሞ ሁለት ፍሬ አለ፤ ጠፍጣፋ ፊታቸውን ገጥመው እንደ መንታ የተኙ። ለሁለት ሁለት ቆጠራ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? መቅደስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገባት። አንድ እሸት ሁለት፣ ሁለት እሸት አራት። እኔ ደስታ አቅሌን አሳተኝ። ከመስከረም በፊት ሃያን አልፋ መሄዷ ነው! በልቤ ማጂን ረሳሁት።

«አምስት እሸትስ?» አልኳት።

«አሥር።»

«የኔ ንግሥት! በይ ጨምቂና ቁጠሪልኝ።»

ጨመቀች። ልጣጩን መጠጠች። ፍሬዎቹን ሰፌዱ ላይ እያንሸራተተች ቆጠረችና «ዘጠኝ» አለች።

«ደግመሽ ቁጠሪ።»

ቆጠረች። «ዘጠኝ።»

«አምስት እሸት ስንት ነው ያልሽኝ?»

«አሥር።»

«ታዲያ አንዷ የት ገባች?»

«እንጃ።»

«በላሻት?»

«አልበላሁም።»

«መቅደስ፣ ዛሬ የመልአኩ ቀን ነው። አትዋሺኝ።»

«አልበላሁም እማዬ። ዘጠኝ ናቸው።»

አፏን ከፈትኩ። በጣቴ ከምላሷ ሥር፣ ከጉንጯ ውስጥ ፈለግሁ፤ ቀይ ልጣጭ ብቻ ነው። ዋጥሻት አልኳት። አልዋጥኩም አለች። ጭኗን ቆነጠጥኳት። አላለቀሰችም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አበሸቀኝ። «ውሸታም ልጅ እኔ ቤት አይኖርም፤ ማጂ ነው የምትሄጂው» አልኳት። ይህን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እንዳይሆን ሌት ተቀን የምጸልይበትን ነገር ነው መቅጫ ያደረግሁት።

በማግሥቱ ጠዋት የጴጥሮስ እናት እሳት ልትወስድ መጣች። ሰፌዱ በረንዳው ላይ እንዳለ አድሯል፤ ፍሬዎቹ ደርቀው ነጥተዋል። የእሳት መውሰጃ ገሏን አስቀምጣ ቁጭ አለችና እንደ ልማዷ እጇ ወደ ፍሬው ሄደ። ጥንድ ጥንዱን አገናኘች። አንዱ ቀረ። አንሥታ መዳፌ ላይ አደረገችው። ጠፍጣፋ ፊት የለውም፤ እንደ አተር ድብልብል ነው።

«አየሽ? ይሄ ወንድም የለው። ብቻውን ተወለደ።»

ቡና አገር ተወልጄ ነጠላ ፍሬ መኖሩን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። መጋዘን ውስጥ በቀን ስንቱን እለቅም ነበር! አልፎ አልፎ አንድ እሸት አንድ ፍሬ ብቻ ይይዛል፤ የሚዛን ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ግን ሁለት ጊዜ አምስት አሥር ነው የሚለው ነገር ዓይኔን ሸፈነው። ልጄ አይታ ነገረችኝ፤ እኔ ሳላይ አስተባበልኳት።

«ልጁን ጥሪውና ንገሪው» አለችኝ።

መቅደስ ከድንጋዮቹ ላይ ነበረች። እየዘለለች ነው፣ አፏ ግን ዝግ ነው። «ነገ እነግራታለሁ» አልኩ። ምን አስቤ? በዚያ ጊዜ እናት ለልጇ ተሳሳትኩ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ከእንግዲህ ስቆጣት የማትፈራኝ መሰለኝ። ነገም መጣ፣ አልነገርኳትም። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ በፊቴ መቁጠር ተወች። አራት ማንኪያ አምጪ ስላት አራቱን ለቅማ ታመጣለች፤ አትሳሳትም። ስንት ነው ስላት ግን መሬት መሬት ታያለች። ውሎዋም የጴጥሮስ እናት ጓሮ ሆነ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳያቸው ሁለቱ ሰፌድ ከበው በቤንችኛ ሲንሾካሾኩ ይሳሳቃሉ።

የምዝገባው ቀን ደረሰ። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ የጠመኔ ስብርባሪ ዘረገፉና «ሚሚ፣ ይሄ ስንት ነው?» አሏት። መቅደስ ጠመኔውን አየች፣ እኔን አየች፣ ጫማዋን አየች።

«ትችላለች የኔታ፣ ትችላለች እኮ! መቅደስ፣ በይ እንጂ!»

መምህሩ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ካዩ በኋላ «እናትየዋ፣ እስቲ ውጭ ጠብቂን» አሉኝ። ወጣሁ። መስኮቱ ሥር ቆሜ ሩፋኤልን ለመንኩት፤ በገዛ ቀኑ ልጄን ውሸታም ብያት በምን ፊቴ እንደሆነ እንጃ። ያኔ ድምጿ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ ያልተቸኮለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጠመኔው ጠረጴዛው ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። ሃያ ሦስት ላይ ቆመች።

«ሁለት ብጨምርበትስ?» አሏት።

«አምጣው እስቲ። አይቼ ነው የምነግርህ።»

አንቱ ማለት ያላስተማርኳት መሰላቸው ይሆን ብዬ ደነገጥሁ፤ እሳቸው ግን ይስቁ ነበር። «ግቢ እናትየዋ» አሉ። «ይቺ ልጅ ሳታይ አትምልም። ጻፍኳት።»

ማጂ ቀረ። ለሥላሴ ስለት አስገባሁ። ነገር ግን ወደ ቤት ስንመለስ የያዝኩት እጅ ልቅ ነበር፣ አይጨብጠኝም። የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ሲሰሙኝ ቆይተው «ሂጂና ልጅቱን ይቅርታ ጠይቂያት፤ ቀኖናሽ ይሄው ነው» አሉኝ። አባቴ፣ ስግደት ያብዙልኝ ብዬ ለመንኳቸው። አልጨመሩልኝም። በገዛ እጄ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ጨመርኩ፤ በስምንት ብር ቀይ ሹራብ ገዛሁላት፤ እጅጌው እስኪያጥራት ለበሰችው። ቃሉን ግን አልሰጠኋትም። የቤት ሥራዋን የጴጥሮስ እናት ዘንድ እየሠራች ስምንተኛ ክፍል ደረሰች፤ ከዚያ አሥራ ሁለተኛ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ እዚህ። እኔም ተከትያት መጣሁ። ታስታውሰው ይሆን ረስታው ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ ፊቷን አጥንቻለሁ። ብትረሳው ለምን ላስታውሳት እላለሁ፤ ብታስታውሰውስ እስካሁን ለምን ዝም አለች እላለሁ። መጠየቅ ቀላል ነበር። አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የስልኩን ጨዋታ ትተን እኔና ሶልያና ሰፌድ ይዘን መሬት ተቀምጠናል። ስንት ጀንፈል መዳፏ እንደሚይዝ ገመትን፣ ከዚያ ሞከርን፤ እኔ አሥራ አምስት አልኩ፣ እሷ መቶ አለች፣ ዘጠኝ ሆነ። ጀንፈል እንደ እሸት አይጨመቅም፤ በዘነዘናው ጫፍ ቀስ አድርገን መታ መታ አደረግነው፤ ገለፈቱ እየተሰነጠቀ ፍሬው ወጣ። በአንዱ ውስጥ ሁለት ማግኘቷ ገረማት። «ተቃቅፈው ነው የሚተኙት?» አለችኝ። በዚህ መሐል መቅደስ ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጥላ ከሥራ ገባች። ድካም ፊቷ ላይ አለ። ሶልያና ሮጣ «እማዬ፣ አምስት ጀንፈል እከፍታለሁ፣ እዪኝ!» አለቻት። ከፈተች። አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች፣ ዜማውን ትታ፣ ቆጠረች። ሳይዘለል፣ ሳይደገም። እኔ ስጠብቀው የሰነበትኩት ነገር ነበር፣ ከአፍ ወደ ጣት የመውረዱ። መጨረሻው ግን ዘጠኝ ሆነ።

ከረጢቱ ውስጥ ይሄ ሁሉ ጀንፈል እያለ ልጅቷ እጅ የገቡት እነዚህ አምስቱ!

«አምስት ከሆነ ሶሊዬ አሥር ነው መሆን ያለ...» አለች መቅደስ። ጋውኑን ሶፋው ላይ ጣለችና ከእኛ ጋር መሬት ቁጭ አለች። ጣቷን አሾለች፣ ልክ ማጉያ መነጽሯ ሥር እንደምትሠራው። ጠፍጣፋውን ከጠፍጣፋው እየገጠመች ማገናኘት ጀመረች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ በቤንችኛ እየቆጠረች። «ማጥ፣ ናም፣ ካዝ...» እያለች እስከ ዘጠኝ ሄደች። ከዚያ ከሩፋኤል ቀን በኋላ ልጄ ስትቆጥር ፊት ለፊት ስሰማት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የቀረውን ድብልብል ፍሬ አንሥታ ለልጇ አሳየቻት።

«አየሽ? ይሄ ወንድም የለው። ብቻውን ተወለደ።»

የጴጥሮስ እናት ቃል ነው፣ አንድም ሳይጓደል። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፣ ፍሬውን በጣቶቿ መካከል እያዞረች፣

«እማዬ፣ ያን ቀን አልበላሁም ነበር እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

ቀና አለች። «መቼ አወቅሽ?»

«በማግሥቱ። ጠዋት።»

ይሄኛውን አታውቅም ነበር። የጴጥሮስ እናት ፍሬውን አሳይታት ኖሯል፣ እኔ ማየቴን ግን አልነገረቻትም፤ እሱ የእናቱ ድርሻ ነው ብላ ነው መቼም። መቅደስ ፍሬውን ሰፌዱ ላይ መለሰችው። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን፣ እናቴ አላወቀችም እያለች ለእኔ ስታዝንልኝ ኖራለች።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አልኳት። «አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ።» ከስንት ዓመት በኋላ ስትወጣ ያን ያህል ትንሽ ቃል ናት።

«እማማ ምን አጠፋች?» አለች ሶልያና።

መቅደስ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ሳታይ ቆጠረች» አለቻት።

ሶልያና ነገሩን አሰበችበት። ከዚያ የተገጠሙትን ፍሬዎች ሁሉ በተነችና ሰፌዱን ወደ ጉልበቴ ገፋችው። «በይ አሁን እያየሽ ቁጠሪ» አለችኝ፣ እንደ መምህሯ ጣቷን ቀስራ። መነጽሬን አደረግሁ። እያንዳንዷን እየነካሁ፣ ሳልቸኩል፣ እናትና ልጅ እያዩኝ እስከ መጨረሻዋ ሄድኩ።

«ዘጠኝ» አልኩ።

«ልክ ነሽ» አለችኝ ልጄ።